«የት ጋ ነው?»፦ በተበታተነች ከተማ የትንሽ ነጋዴ አድራሻ ታሪክ

ሕዝባዊ ንግግር። ጽሑፉ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተሠርቶበታል።



ለዛሬ የመረጥኩት ጉዳይ ሲሰማ የታሪክ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። አንድ ትንሽ ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊ ይሁን ጫማ ጠጋኝ፣ ሸማኔ ይሁን ጧፍ ሻጭ፣ ሰፊና የተበታተነ ከተማ ውስጥ ሆኖ ፈላጊው እንዴት ያገኘዋል? ዛሬ ይህን ጥያቄ በአብዛኛው የሚያነሡት የገበያ ባለሙያዎች ናቸው፤ መልሱንም በስልክ ካርታና በጉግል ፍለጋ ውስጥ ይሹታል። ጥያቄው ግን ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ከተማዋ ባለፉት 140 ያህል ዓመታት ደጋግማ መልሳዋለች፤ መልሷም ደጋግሞ ፈርሷል።

የምከራከርበትን ነጥብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። በአዲስ አበባ የትንሽ ነጋዴ አድራሻ የግሉ ሆኖ አያውቅም። አድራሻው የሰፈሩ፣ የተራውና የሚያውቁት ሰዎች የጋራ ሀብት ነበር። ስለዚህም ሰፈር በተነሣ ቁጥር ነጋዴው ከቤቱ ጋር መገኘቱንም ያጣል። የዛሬው የካርታ ፍለጋ ከቦታ ቦታ ይዞት ሊሄድ የሚችል አድራሻ ሰጥቶታል። ይህ ስጦታ የሚሠራው ግን ስሙና ቁጥሩ በነጋዴው በራሱ እጅ ሲሆን ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ስለ ፍለጋ ከተጻፉት ሥራዎች ሁለቱን ባጭሩ ላስታውስ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ ስቲግለር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሸማች ስለ ዋጋ መረጃ ለማግኘት የሚያጠፋው ጊዜና ድካም ራሱ ወጪ መሆኑን አሳየ። በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ክሊፎርድ ጊርትዝ የሞሮኮዋን የሴፍሩ ከተማ ገበያ አጥንቶ፣ በእንዲህ ያለው ገበያ የሁሉም ሰው ዋና ሥራ መረጃ ፍለጋ መሆኑን ጻፈ። ማን ምን አለው? ጥራቱ እንዴት ነው? ዋጋው ስንት ያወጣል? ገበያተኛው ውሎውን የሚያሳልፈው እነዚህን ሲያጣራ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ጉግል በአካባቢ ፍለጋ አንዱን ንግድ ቤት ከሌላው ለማስቀደም የሚመለከታቸውን ሦስት ነገሮች በይፋ ይገልጻል፤ እነርሱም ከተፈለገው ነገር ጋር ያለው ተዛማጅነት፣ ከፈላጊው ያለው ርቀትና የንግድ ቤቱ ታዋቂነት ናቸው። እነዚህን ወደ ዕለት ንግግራችን ብናመጣቸው «ምን ይሸጣል? የት ጋ ነው? ማን ያውቀዋል?» ይሆናሉ። አያቶቻችንም ገበያ ሲወጡ የጠየቁት ይህንኑ ነው። ለ«የት ጋ ነው?» መልሱ ሰፈር ነበር፤ ለ«ምን ይሸጣል?» ተራ፤ ለ«ማን ያውቀዋል?» ደግሞ ደንበኛና ደላላ። ንግግሬን በእነዚህ ሦስት እከፍለዋለሁ።

ሰፈር

ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ወደ ሰሜን፣ በአሜሪካ ኤምባሲና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ እንውጣ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ተራራ ላይ ዐፄ ምኒልክ፣ ያኔ ንጉሠ ሸዋ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከተማቸውን አቆሙ። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ግን ቀዝቃዛ፣ ነፋሻና ማገዶ የሚያጥረው ስለነበር እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አቅራቢያ የመሠረቷት አዲስ አበባ ቀስ በቀስ ሕዝቡን ወደ ታች ሳበችው።

ከእንጦጦ ወደ ታች ሲወርድ አብሮ የወረደው የአሰፋፈር ሥርዓት ነው። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈርን ያስታውሳል። በንጉሡ ካምፕ ውስጥ እያንዳንዱ ሹም ድንኳኑን የሚተክልበት ቦታ ከንጉሡ ድንኳን አንጻር የታወቀ ነበር። ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ፊታውራሪ ከፊት፣ ደጀን ከኋላ። ካምፑ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ቢተከልም አንድን ሹም የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ የንጉሡን ድንኳን ካየ የቀረውን ያውቀዋል። ይህ ከቦታ ቦታ የሚዞር አድራሻ ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነጥብ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጊዜ መኳንንቱ መሬት እየተመሩ፣ ጭፍሮቻቸውን በዙሪያቸው እያሰፈሩ ከተማዋን አበጇት። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ፣ ገደል፣ ኋላም የባሕር ዛፍ ደን ነበር። ከተማዋ የተበታተነችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲመሠረት የብዙ ሰፈሮች ስብስብ እንጂ አንድ ወጥ ከተማ አልነበረችም። የፒተር ጋሬትሰን የአዲስ አበባ ታሪክ ይህን የምሥረታ ዘመን እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ድረስ ይተነትነዋል፤ ተማሪዎች ሁሉ እንዲያነቡት እመክራለሁ።

በምሥራቅ በኩል ደግሞ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት ወኪሎች ቦታ ሰጡ። ከእነዚህ አንዱ ለሰፈሩ ስሙን አውርሶታል። ለጋሲዮኑ ወደ ኤምባሲነት ካደገ ዘመናት ቢቆጠሩም ታክሲ ረዳቱ ዛሬም የሚጣራው «ፈረንሳይ ለጋሲዮን!» እያለ ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ የተለወጠ ስም በሰው አፍ ላይ አይለወጥም። በዚያ አካባቢ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ ፈረንሳይን ሳያውቅ፣ የፈረንሳይን ስም በነፃ አድራሻ አድርጎት ይኖራል።

ለሰፈር አድራሻ ጊዜም እንዳለው የሚያሳየን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር ጧፍ፣ ዕጣን፣ የጸበል መቅጃ ጀሪካን፣ ቆሎና ዳቦ የሚሸጡ ሰዎች ታፔላ የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። በወር በወሩ 16 ቀን፣ ከሁሉም በላይ በየካቲት 16 የዓመቱ ክብረ በዓል፣ ሕዝቡ ከየማዕዘኑ ወደዚያ ይወጣል። ሻጩ የሚያውቀው ቀኑን ነው፤ ገዢው የሚያውቀው ታቦቱን ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የቀን መቁጠሪያው ነው። ጉልት የሚዘረጉ እናቶች ማስታወቂያቸው ስንክሳር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ተራ

ሁለተኛው ጥያቄ «ምን ይሸጣል?» ነው። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ትልቅ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የገቡት ጣሊያኖች ከተማዋን በዘር ለይተው ሲያቅዱ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የምንለውን መሠረቱ፤ የቀድሞው አራዳም ፒያሳ ተባለ። የገበያው ውስጣዊ ሥርዓት ግን አብሮ ተሻገረ። ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡ በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ቦታውም በዕቃው ይጠራል። ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ ሳህን ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ፤ እያንዳንዱ ስም ለገዢው የተጻፈ ማውጫ ነው።

ባዕድ ሰው «ተፎካካሪዎች ለምን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ?» ብሎ ይገረማል። ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1929 እ.ኤ.አ. ተፎካካሪ ሻጮች እርስ በርስ የሚጠጋጉበትን ምክንያት በሒሳብ ለማስረዳት ሞክሯል። ለእኛ ተራ ግን የፍለጋው ማብራሪያ ይበልጥ ይስማማዋል። ብቻውን የተቀመጠን ሚስማር ሻጭ ለማግኘት መጠየቅ፣ መሄድ፣ መመለስ ያስፈልጋል። ሃምሳ ሚስማር ሻጮች አብረው ሲቀመጡ ግን «ሚስማር ተራ» ማለት ይበቃል። እያንዳንዱ ሻጭ ከጎረቤቱ ጋር ገዢን ይሻማል፤ ገዢውን ወደዚያ ያመጣውም ያው ጎረቤት ነው። የማስታወቂያውን ወጪ ሁሉም ተካፍለውታል።

ሽሮ ሜዳ የዚህ ሕያው ምስክር ነው። ከጋሞ ደጋማ አገር፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ በጉለሌና በአካባቢው ሰፈሩ፤ ሽሮ ሜዳም የሐበሻ ልብስ መገኛ ሆነ። ሠርግ የደገሰ ቤተሰብ የሱቅ ስም አይጠይቅም፤ «ሽሮ ሜዳ እንሂድ» ይላል። ነገር ግን ተራ ለሁሉም እኩል እንደማይጠቅም እዚሁ እናያለን። በመንገዱ ዳር ሱቅ ያለው ይታያል፤ ከኋላ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ሸማውን የሚሠራው ሸማኔ አይታይም። ሥራው በነጋዴ እጅ አልፎ ሲሸጥ ገዢው የሸማኔውን ስም ሳይሰማ ይለብሰዋል። የተራው ስም ለሁሉም ጥላ ይሆናል፤ በጥላው ሥር ግን ሠሪው ተሸፍኖ ይቀራል።

ከተራ ውጭ ለሆነ ሰው ሌሎች መላዎች ነበሩ። ጠላ የምትሸጥ ሴት በአጥሯ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ ትተክላለች፤ ፊደል ያልቆጠረ መንገደኛም ያነበዋል። ሱቅ በደረቴው ዕቃውን በደረቱ አንግቶ ፈላጊውን ራሱ ይፈልጋል። ልዋጭ ባዩና ቁራሌው በድምፃቸው ይታወቃሉ፤ የቤት እመቤቷ ፊቱን ሳታይ በአጠራሩ ብቻ የራሷን ሰው ትለየዋለች። እነዚህ ሁሉ ያለ ወረቀት የተሠሩ ማስታወቂያዎች ናቸው።

ወረቀቱ ያገለገለው ሌሎችን ነበር። አድሪያን ዜርቮስ በ1936 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ያሳተመው ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ በአገሪቱ የነበሩትን የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የሌሎች የውጭ አገር ነጋዴዎች ስም በብዛት መዝግቧል። የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። የጠላ ሻጯን ጣሳ ግን ማንም በመዝገብ አላሰፈረውም። ማን በማውጫ ውስጥ ይገባል የሚለው ጥያቄ የዛሬ ብቻ አይደለም።

ደንበኛና ደላላ

ሦስተኛው ጥያቄ «ማን ያውቀዋል?» ነው። ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር ይነግረናል። ሻጭ ገዢውን «ደንበኛዬ» ይላል፤ ገዢም ሻጩን «ደንበኛዬ» ይላል። ስሙ አንድ የሆነው ግዴታው የጋራ ስለሆነ ነው፤ ቃሉም ከ«ደንብ» ጋር ይዛመዳል። አንዱ ሌላ ቦታ አይሄድም፤ ሌላው አያጭበረብርም፣ ሲቸግርም ዱቤ ይሰጣል። ጊርትዝ በሴፍሩ ያየውና የፍለጋን ድካም ያቀልላል ያለው የሻጭና የገዢ ቋሚ ትስስር በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ሆኖ ኖሯል።

ደንበኛ የሌለው እንግዳ ደግሞ ደላላ ይፈልጋል። ደላላ በአንደበታችን የሚወቀስ ሰው ነው፤ ሆኖም በተበታተነ ከተማ ውስጥ የመረጃ ድልድይ እርሱ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሥራውን ዕውቅና ሰጥቶ በንግድ ረዳቶች መካከል አስቀምጦታል። ይኸው ሕግ ለዛሬው ክርክሬ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ነገር ይዟል። በአንቀጽ 127 መሠረት የንግድ መደብር በዋነኛነት የሚቋቋመው በመልካም ዝና ነው። አንቀጽ 130 ደግሞ የዝናውን ዋጋ የሚወስነው በነጋዴውና ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ሊሹ በሚችሉ ሰዎች መካከል ያለው ወይም ሊኖር የሚችለው ግንኙነት መሆኑን ይገልጻል። ሕግ አውጪው ግድግዳንና መደርደሪያን ሁለተኛ አድርጎ፣ የመገኘትን ዕድል የንግድ ልብ አድርጎ አስቀመጠው ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የቀድሞውን ሕግ ይህን ክፍል ቢተካውም፣ ያ ሐሳብ ለታሪክ ተመራማሪ የሚሰጠው ብርሃን አልደበዘዘም።

አድራሻው በየዘመኑ ሲነቀል

አሁን እነዚህ ሦስት መልሶች እንዴት በየዘመኑ እንደተናጉ እንይ።

የጣሊያኑን ዘመን ጠቅሻለሁ፤ ገበያው ተነቅሎ ተራው እንደገና ተተከለ። ሁለተኛው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በኋላ በአንድ ቃል «ቀበሌ» የተባሉት፣ ቤቶችን ቆጠሩ፤ ቁጥርም ሰጡ። ብዙ ትንሽ ነጋዴ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። በር ላይ የተጻፈ ቁጥር በዚህ ዘመን ተስፋፋ፤ ቁጥሩ ግን የተሰጠው ለአስተዳደር ነበር። መንገድ ተከትሎ የሚሄድ ስላልነበር ቁጥሩን ይዞ ቤቱን መፈለግ ከባድ ነው። የቤት ቁጥሩን የሚጠይቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ገዢ «ከየትኛው ሱቅ አጠገብ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ዝምተኛ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ቀበሌዎች ተዋሃዱ፣ ኋላም ወረዳ ተባሉ። በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። በዚያ ወቅት አንድ እርምጃ ሳይራመድ ክፍለ ከተማ የቀየረ ነጋዴ አለ። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ ተለወጠ፤ ታፔላው ላይ ያለው አሮጌ ሆነ፤ ደንበኛው ግን ሁለቱንም ስላልተጠቀመባቸው አላስተዋለም።

አራተኛው በዓይናችን ያየነው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ፣ ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድና በሌሎችም ቦታዎች ብዙ ቤቶች ተነሥተዋል። የልማቱ ፋይዳና ዋጋ ሌላ ንግግር ይፈልጋል፤ ዛሬ የማየው አንዱን ገጽታ ብቻ ነው። በሰፈሩ ስም፣ በጎረቤቱ ሱቅና በአላፊ አግዳሚው ትውስታ ሲታወቅ የኖረ ጫማ ሠሪ ወደ ከተማው ጠርዝ ሲዛወር ወስፌውንና መርፌውን ይዞ ይሄዳል። «ከካፌው ጎን» የሚለውን አድራሻ ይዞ መሄድ አይችልም፤ ካፌውም የለም። ግድግዳው ይቆጠራል፤ ጣራው ይለካል፤ ለዓመታት የተሰበሰበው ደንበኝነት ግን በምን ይለካል?

ሰፈር በሌለበት አገር

ይህ ሁኔታ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ አዲስ አይደለም፤ ስደተኛው ቀድሞ ቀምሶታል። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሰፈሩ ወገኖቻችን በመኪና መንገድ የተራራቀ ሰፊ ከተማ ውስጥ ተበትነው ራሳቸውን አገኙ። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ መካኒኩ አሉ፤ «እገሌ ሰፈር» ብሎ መጠቆም ግን አይቻልም። ለዚህ ችግር ድምፃዊ ይሁኔ በላይና ባለቤቱ ቱቱ በላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሎው ፔጅስን ማሳተም ጀመሩ። ለወገን በወገን የተዘጋጀው ይህ የስልክ ማውጫ በየምግብ ቤቱና በየሱቁ እየታደለ ሰፈርን ተካ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቦታ ሲጠፋ ዝርዝር ይወለዳል። ዝርዝሩን ያዘጋጁትም ቋንቋውንና ስሙን የሚያውቁት ራሳቸው ነበሩ።

ነጥቡ በካርታው ላይ

ጉግል ማፕስ በ2005 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ዛሬ ማንኛውም ነጋዴ ያለ ክፍያ ስሙን፣ ስልኩን፣ የሥራ ሰዓቱንና ፎቶግራፉን በካርታው ላይ ማኖር ይችላል። ሥርዓቱ ግን የተበጀው ለሌላ ዓይነት ከተማ ነው፤ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚጋጭባቸውን አራት ቦታዎች ላሳይ።

የመጀመሪያው ማረጋገጫው ነው። ድርጅቱ ለረጅም ጊዜ ባለቤትነትን ያረጋግጥ የነበረው ምስጢር ቁጥር የያዘ የፖስታ ካርድ ወደ ሱቁ በር በመላክ ነበር። ኢትዮጵያ ግን በ1908 እ.ኤ.አ. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነችም ወዲህ ፖስታዋ በዋናነት የሚታደለው በሳጥን ነው። በየታፔላው «ፖ.ሳ.ቁ.» የሚለውን የምታዩት ለዚህ ነው፤ የፖስታ ሳጥንን ደግሞ ጉግል እንደ ሱቅ አድራሻ አይቀበልም። አሁን በቪዲዮ ማረጋገጥ በመለመዱ ነጋዴው ታፔላውንና በሩን ቀርጾ ማሳየት ይችላል፤ ያ ደጅ ለእኛም ተከፍቷል።

ሁለተኛው ፊደል ነው። «ምሕረት» እና «ምህረት»፣ «ኪዳነ ምሕረት» እና «ኪዳነምህረት» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ የፊደል ረድፎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፉማ መልካቸው ይበዛል። የ«ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ክርክር ለሊቃውንት ብቻ የተተወ መስሎን ነበር፤ ዛሬ የአንዲት ትንሽ ሱቅ መገኘትና አለመገኘት ሊመካበት ይችላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ግን በንግድ ፈቃዱም፣ በታፔላውም፣ በቴሌግራም ገጹም፣ በካርታውም ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማኖር የነጋዴው ሥራ ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚከፈት ሱቅ በካርታው ላይ 8 ሰዓት ተብሎ መጻፍ አለበት። በራሱ አቆጣጠር የሞላ ነጋዴ በሩን ከፍቶ ተቀምጦ ሳለ ካርታው «ተዘግቷል» ይላል። ጥምቀትና መስቀልም በካርታው ላይ በራሳቸው አይገቡም፤ ባለቤቱ ማስገባት አለበት።

አራተኛው ርቀት ነው። ካርታው ቅርብ ያለውን ያስቀድማል፤ ታዋቂውንም ያስቀድማል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ብዙ ጎብኚ ወደ ተራራው አምጥቷል። «እንጦጦ» ብሎ የሚፈልግ እንግዳ ታላቁን ስም ማግኘቱ የማይቀር ነው፤ የሸማኔዋን ትንሽ ቤት ግን አያያትም። ስለዚህ ለትንሽ ነጋዴ «እንጦጦ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃውም። «በእጅ የተሸመነ ነጠላ፣ ወደ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ» ብሎ ዕቃውንና ምልክቱን አብሮ ቢጽፍ ጥያቄውን ያጠብበዋል፤ በጠበበ ጥያቄ ውስጥ ደግሞ ትንሹም የመታየት ዕድል ያገኛል። ሱቅ የሌለው፣ ቤት ለቤት የሚሠራ የቧንቧ ባለሙያም ቢሆን የበሩን አድራሻ ደብቆ የሚያገለግልበትን አካባቢ ብቻ ማሳየት ተፈቅዶለታል፤ ሱቅ በደረቴ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ከእነዚህ እንቅፋቶች በላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። ነጋዴው ሲዛወር አዲስ ገጽ ከመክፈት ይልቅ በነበረው ላይ ቦታውን ቢያስተካክል፣ ደንበኞች የጻፉለት ምስክርነት አብሮት ሊሄድ ይችላል። ይህ በንጉሡ ካምፕ ያየነው የሚዞር አድራሻ ነው። በአንቀጽ 130 ላይ ያየነው ዝናም ከግድግዳው ተለይቶ መጓዝ ጀመረ።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ትንሽ ነጋዴ ገጹን የሚያስከፍተው በወንድም ልጅ ወይም በሰፈር ጎረምሳ ስልክ ነው። ልጁ ሲሄድ ቁልፉም ይሄዳል፤ ነጥቡ በፈረሰው ሰፈር ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ደንበኛውም ወደ ባዶ ሜዳ ይመራል። በቀድሞው ዘመን ሰፈሩ አድራሻውን በአደራ ይይዝለት ነበር፤ አሁን አደራ ተቀባዩ የሩቅ ድርጅት ነው፤ የሚያውቀውም በይለፍ ቃል ብቻ ነው። በሽሮ ሜዳም የልብስ ነጋዴው በቴሌግራም ፎቶ ሲለጥፍ የሸማኔው ስም ካልተጻፈ፣ የተራው አሮጌ ጥላ በአዲስ መስታወት ላይ ይደገማል።

ምን ይጠበቅብናል?

ለተማሪዎቼ ሦስት ሥራዎችን እተዋለሁ። የመጀመሪያው የሰነድ ሥራ ነው። አሮጌ ታፔላዎች፣ የንግድ ፈቃዶች፣ የስልክ ማውጫዎችና የመንገድ ፎቶግራፎች የትንሽ ነጋዴ ታሪክ ምንጮች ናቸው። ሰፈር ሳይነሣ ይሰብሰቡ፤ የሱቁ ስም፣ የባለሙያው ሥራ፣ ሰዎች እዚያ ለመድረስ የሚጠቀሙበት ምልክት ሁሉ ይመዝገብ። ሁለተኛው የቋንቋ ሥራ ነው። የሰፈርና የተራ ስሞችን ልዩ ልዩ አጻጻፍ አዛምዶ የሚያሳይ የቦታ ስም መዝገብ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች አብረው ሊሠሩት ይችላሉ። ሦስተኛው የአገልግሎት ሥራ ነው። ለመስክ ጥናት የምትሄዱበትን ነጋዴ ጠይቃችሁት ብቻ አትመለሱ፤ ገጹን በራሱ ስልክ ቁጥር፣ በራሱ ስምና በራሱ እጅ እንዲከፍት እርዱት፤ የይለፍ ቃሉንም እርሱ ይያዝ።

የከተማው አስተዳደርም ነጋዴን ሲያዛውር በተነሣው ቦታ ላይ ለተወሰነ ጊዜ «እገሌ ወደዚህ ተዛውሯል» የሚል ሰሌዳ ቢያቆም ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆን ነበር። ሰው ሲዛወር ለጎረቤት «አዲሱ ቤቴ እዚህ ነው» ብሎ መንገር የኖርንበት ወግ ነው፤ ለሱቅ ሲሆን የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

አዲስ አበባ አድራሻን ከእንጦጦ የወረደ ሰፈር፣ ከገበያ የተወለደ ተራ፣ ከልማድ የበቀለ ደንበኝነት አድርጋ ያበጀች ከተማ ናት። እነዚህ በአንድ ሰው አልተሠሩም፤ አንድ ሰውም ብቻውን ሊተካቸው አይችልም። ሰፈሩ ሲነሣ ነጋዴውን የሚያውቁት ሰዎች አይሞቱም፤ የሚፈልጉበት መንገድ ብቻ ይጠፋባቸዋል። ያንን መንገድ መልሶ መቀጠል በእጃችን ያለ ሥራ ነው።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።